ቅዳሴ ሳይወጣ ያልተዋጠው ኪኒን

በግራ መንጋጋዬ ሥር አውራ ጣት የሚያስገባ ጠባሳ አለ። አላፍርበትም። እግዚአብሔር ሞቴን ያስወጣልኝ በዚያ በኩል ነው።

ዘንድሮ ሐኪሞቹ ወደ ዳንግላ ተመልሰዋል። ጥርሳቸውንና መንጋጋቸውን የታመሙ፣ አዲስ መድኃኒት ሲሞከር ለመሳተፍ የሚፈቅዱ ሰዎች እንፈልጋለን ብለው ለየጭቃ ሹሙ ወረቀት ላኩ። ወረቀቱ በመስቀል ሰሞን በቤተ ክርስቲያናችን ደጅ ተነበበ። ከዚያ ወዲህ የሴት እግር ከደጄ አልጠፋም። «ይገድላሉ ወይስ ያድናሉ?» ይሉኛል። ለአንዷ የነገርኩት ለሌላዋ ሲደርስ ሌላ ወሬ ሆኖ አገኘሁት። ስለዚህ ጻፍኩት። አባቴ ቄስ ናቸው፤ ተማሪ ሲያስቆጥሩ ከጎናቸው ተቀምጬ ፊደልም ዳዊትም ለምጃለሁ። ማንበብ የምትችሉ ለማይችሉት አንብቡላቸው። አማርኛ ለማይሰሙት በአገውኛ ንገሯቸው። ከጻፍኩት ላይ ግን አንዲት ቃል አትጨምሩ። በመጨመር ምን እንደሚመጣ ወደ ታች ታያላችሁ።

ሕመሙ የጀመረኝ ከሦስት ዓመት በፊት፣ በሰኔ፣ ድንች ስኮተኩት ነው። ቤታችን ጥርባ ሐይቅ አጠገብ ነው፤ በክረምት ብርዱ አጥንት ይገባል። ቀዝቃዛ ውኃ ብጠጣ ግራ መንጋጋዬን እንደ ወስፌ ወጋኝ። ተውኩት። ልጄ ሙሉ ያኔ የስድስት ወር ሕፃን ነበረች። ጡት የምታጠባ ሴት ለጥርስ ብላ አትተኛም።

አማቴ «ትል ነው» አሉ። ቅርንፉድ ነከስኩ። ነጭ ሽንኩርት ወቅጬ ወተፍኩበት፤ ድዴን ላጠው። ትሉን ያወጣል የተባለ ጭስ ታጠንኩ፤ ዓይኔን አቃጠለኝ እንጂ የወጣ ነገር የለም። በሦስተኛው ሳምንት ግንባሬን ከግድግዳ ጋር እመታ ጀመር። አንዱ ሕመም ሌላውን ያስረሳል መስሎኝ ነው። ያን ጊዜ ባሌ በላይ «ይነቀል» አለ።

ጥሊሊ ገበያ ላይ ጥርስ የሚነቅል ሰው ነበር። ከጦር ሠራዊት የተመለሰ ስለሆነ ሁሉም አሥር አለቃ ይለዋል። የነቀላቸውን ጥርሶች በክር ሰክቶ እንደ ዶቃ አንጠልጥሏቸዋል።

«ነይ እመት፣ አትፍሪ» አለኝ። «ከዚህ በርጩማ ላይ ጥርሱን ይዞ የተነሳ የለም።»

በላይ ራሴን ከኋላ ያዘ። የበላይ ወንድም አያሌው እጆቼን ያዘ። ጉጠቱ አፌ ሲገባ የሌላ ሰው ደም ደም አለኝ። ጎተተ። ጠመዘዘ። ጆሮዬ ውስጥ እንደ ደረቅ እንጨት ሲንቋቋ ሰማሁ። ጥርስ ወጣ፤ ነጭ፣ ሙሉ፣ ከነሥሩ። በምላሴ ፈለግሁ። የታመመው እቦታው ነው።

«ደኅነኛውን ነቀልከው» አልኩ ደም እየተፋሁ።

«እሱም መታመሙ አይቀርም ነበር» አለ አሥር አለቃው።

የከበበን ሰው ሳቀ። በእኔ ባይደርስ እኔም እስቅ ነበር። ሁለተኛውን ያዘ። ይህኛው ተሰበረ። አናቱ በጉጠቱ መጣ፣ ሥሩ ውስጥ ቀረ። ደግሞ ሊገባ ሲል በላይ «ተው» አለ። አያሌው ግን ተው የሚል ሰው አይደለም። ዱላውን አንስቶ ትከሻው ላይ አሳረፈበት። አሥር አለቃው በጉጠቱ መልሶ ቅንድቡን ተረተረው። ተያያዙና በርጩማው ተሰበረ፣ ክሩ ተበጠሰ፣ ጥርሱ ሁሉ ጭቃ ላይ ተበተነ። ሁለት ትልልቅ ሰዎች በሰው ጥርስ ላይ ሲንከባለሉ አየሁ። ወደ ቤት ስንመለስ እኔና አያሌው ደም በደም ነበርን። «እሱንስ የእጁን ሰጠሁት» አለኝ። ሥሩ ግን እኔው ጋ ነበር።

ከሦስት ቀን በኋላ ጉንጬ አበጠ፤ ከዚያ አንገቴ። አፌ ከአንድ ጣት በላይ አልከፈት አለ። አንዲት ጎረቤት «ጆሮ ደግፍ ነው» ብለው ማጭድ አግለው ከጆሮዬ ሥር ሦስት ቦታ ተኮሱኝ። ጩኸቴ በአፌ መውጫ አጥቶ በአፍንጫዬ ወጣ። አማቴ ደግሞ «የሰው ዓይን ነው» አሉ። በመኪና መንገዱ ዳር ያለ አንድ መድኃኒት ሰጪ አየኝና «ብርድ ነው፣ በሁለት ቀን ትድኛለሽ» ብሎ ራስ ምታት የሚያስታግስ ኪኒን ሰጠኝ። ሁሉም ያውቁ ነበር። ትል፣ ጆሮ ደግፍ፣ ዓይን፣ ብርድ። የማያውቅ ሰው አላጋጠመኝም።

ጸበል ሄድኩ። ጸበሉ ልቤን አበረታው። ሦስተኛው ቀን ላይ አጥማቂው አባት ፊቴን አዩና «ልጄ፣ ይህ የሐኪም ቢላ ይፈልጋል። ሐኪምንም የፈጠረ እግዚአብሔር ነው፣ ሂጂ» አሉኝ። እስከ ዛሬ ስማቸውን በጸሎቴ እጠራለሁ።

ሐምሌ ሲያልቅ ወተቴ ደረቀ። ልጄ ሙሉ ጡቴን ይዛ ትጎትታለች፣ ታለቅሳለች፣ ልትነክሰኝ የፈለገች ይመስል በድዷ ታኝከኛለች። ያን ቀን እንደምሞት አወቅሁ። ስለ ራሴ አልፈራሁም። ልጄን ለማን ልተዋት ብዬ ፈራሁ።

ዳንግላ ሐኪሞች ድንኳን ተክለው በመንጋጋ ሕመም ላይ አዲስ መድኃኒት ይሞክራሉ፣ ሰው ይፈልጋሉ የሚል ወሬ ያን ሰሞን ነበር። በላይ ቀርከሃ ቆርጦ ቃሬዛ ሠራ።

«ደም ይቀዳሉ ይባላል» አለ አያሌው። «ሊሞክሩባት ነው እንዴ የምትወስዳት? እንስሳ ናት?»

«አንተ አሥር አለቃው ሲሞክርባት እጇን ይዘህ አልነበረም?» አለው በላይ።

አያሌው የቃሬዛውን ጫፍ አነሳ። እስከ መኪናው መንገድ ተሸከሙኝ። ቆዳ የጫነ መኪና አገኘን። ቆዳው ላይ ተኝቼ ዳንግላ ደረስኩ። የሚሸተው ቆዳው ይሁን እኔ አላውቅም ነበር።

ድንኳኖቹ ከከተማው ዳር፣ ሜዳ ላይ ነበሩ። ከፊታቸው ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ፤ ዝናብ የሚከልል ሸራ በላዩ ተወጥሯል። ያበጠ ፊት ሁሉ እዚያ ተደርድሯል። ከጎኔ አንዲት ቀጭን ሴት ተቀምጣለች፣ የውብዳር ትባላለች፤ አገውኛ ብቻ ነው የምትሰማው። ነጠላዋን ጉንጯ ላይ ይዛ «ደሜን ይወስዱት ይሆን?» አለችኝ።

ከወዲያ በኩል ጉንጫቸው እንደ ዳቦ ያበጠ ሽማግሌ ሰሙና «እኔን አይነኩኝም። የኔን ሚስቴ ቀድማ ጨርሳዋለች» አሉ። የውብዳር ሳቀች፤ ስትስቅ አመማትና አለቀሰች።

የሚያነጋግረን አቶ ደምሰው የሚባል ድሬሰር፣ ቁስል የሚያጥብ የሐኪም ረዳት ነው። ሰዉ «ዶክተር» ሲለው «ድሬሰር ነኝ» ይላል፤ መልሰው ዶክተር ይሉታል። የጎጃም ሰው ነው፣ ግን አገውኛ አይሰማም። እኔ ሁለቱንም እንደምሰማ ሲያውቅ «እባክሽ እህቴ፣ አንቺ አስረጅልኝ» አለኝ። በተዘጋ ጥርሴ መካከል እያሾለክሁ አስረዳሁ።

እንዲህ አለ። ሁለት መድኃኒት አለ። አንዱ የታወቀው መርፌ ነው። ሌላው አዲስ ኪኒን ነው፤ በሌላ አገር ሰዎች ወስደውታል። ከመርፌው ይሻል፣ ይብስ፣ እኩል ይሁን «አናውቅም» አለ። «ስለማናውቅ ነው የምንጠይቃችሁ። ዕጣ ታወጣላችሁ፤ ማን የቱን እንደሚያገኝ እኛ አንመርጥም። ከክንዳችሁ ትንሽ ደም እንወስዳለን፣ ሕመሙ መቀነሱን ለማየት ነው። እምቢ ማለት ትችላላችሁ። እምቢ ያለውንም በመርፌው እናክመዋለን። ጀምሮ የሚተውም ይተዋል።»

አናውቅም ያለኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። በዚያች ቃል አመንኩት። ሌሎቹ ጣታቸውን ሲያትሙ እኔ ስሜን ጻፍኩ።

ዕጣ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ሐዋርያትም ዕጣ ጥለዋል። ለእኔና ለየውብዳር ቀይ ወረቀት ወጣ። ኪኒን ማለት ነው። ለሽማግሌው ነጭ ወጣ፤ መርፌ።

መጀመሪያ ግን በስለት መቀደዱ ነበር። ሐኪሟ ፈረንጅ ናት፣ ረጅም፣ እጅጌዋን እስከ ክርኗ የሰበሰበች። ከአማርኛ የምታውቀው አንድ ቃል ነው። «አፍ!» ትላለች። ከፈትሁ፤ አልከፈት ብሎ በብረት ፈለቀቀችው። የሚያደነዝዝ መርፌ ወጉኝ፤ መግል የሞላው ሥጋ ግን አልደነዘዘም። አቶ ደምሰው «መርፌው እዚህ ቦታ ደኅና አይሠራም፣ ቻይው፣ አጭር ነው» አለኝ። ሳይዋሽ ስለነገረኝ አመሰግነዋለሁ። ሁለት ሰዎች እግሬን ተጫኑ። ከመንጋጋዬ ሥር ስለቱ ሲገባ ተሰማኝ። መግሉ ፈንድቶ የሐኪሟን አንገት ረጨው። ጣቷን በቀዳዳው አስገብታ ውስጤን አሰሰች። ከዚያ በአፌ በኩል ሥሩን ያዘች፤ ሦስት ጊዜ ሳተችው፣ በአራተኛው ነቀለችው። ሽንቴ አመለጠኝ። «እመብርሃን» ማለቴን አስታውሳለሁ። ሥሩን ሳሕን ላይ ጥላ አሳየችኝ። የባቄላ ፍሬ ያህላል። ሊገድለኝ የነበረው እሱ ነው።

ማታ አቶ ደምሰው ኪኒን የደረሰንን ሰብስቦ አወሳሰዱን ነገረን። «አንድ ጧት ወፍ ሲንጫጫ፣ አንድ ቀትር ላይ፣ አንድ ማታ። መካከሉ አይራቅ። መድኃኒቱ በደማችሁ ውስጥ ሳያቋርጥ መኖር አለበት። ዋናው ይህ ነው።»

በአገውኛ ተናገርኩት። የውብዳር ወደ ጆሮዬ ቀረበች።

«አንቺ የቄስ ልጅ ነሽ አይደል? ነገ ፍልሰታ ይገባል። ቅዳሴ ሳይወጣ እንዴት እንውጣለን?»

እናንተም ታውቁታላችሁ፣ በፍልሰታ በእኛ አገር ሕፃን እንኳ ቅዳሴ ሳይወጣ ውኃ አይቀምስም። ሁሉም ሴቶች አዩኝ። እኔም ሳላስብ፣ ካህን ሳልጠይቅ፣ «የጧቱንና የቀትሩን በነጠላችሁ ጫፍ ቋጥሩት። ዘጠኝ ሰዓት ቅዳሴ ሲወጣ አንድ ላይ እንውጠዋለን» አልኳቸው።

«ምን አለች?» አለኝ አቶ ደምሰው።

«ገብቷታል» አልኩት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኪኒን ሲታደለን «እሺ» እንላለን፣ መዳፋችንን ወደ አፋችን እንወስዳለን፣ ከዚያ እንቋጥረዋለን። ጦማችንን እንዳይነኩብን እንጂ ተንኮል አልነበረም። የከተማው ቤተ ክርስቲያን ደወል ሲሰማ ሁለቱን አንድ ላይ እንውጣለን፣ ማታም አንዱን። ሆዳችን ይቃጠላል። ከእኩለ ሌሊት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ደግሞ በደማችን ምንም የለም። ትኩሳቱ ከጧት ጀምሮ እየወጣ ቀትር ላይ ያንቀጠቅጠናል። መርፌ የደረሳቸው አልተቸገሩም። መርፌ በአፍ አይገባም። ሽማግሌው በአምስተኛው ቀን ተነስተው ተቀመጡና «ጠብቁኝ፣ ሚስት ልጨምር ነው» እያሉ ይቀልዱ ጀመር።

ያን ቀን ሐኪሟ ወረቀቶቿን እያየች ፊቷ ጠቆረ። አቶ ደምሰው መጥቶ አጠገቤ ቁጢጥ አለ።

«አዲሱ መድኃኒት ሳይሆን ቀረ» አለኝ። «የወሰዱት ሁሉ ብሶባቸዋል። ነገ ታቆመዋለች፤ ለሌላውም አገር አይረባም ብላ ትጽፋለች። ለእናንተ መርፌ እንጀምራለን። ጊዜ ካለን ነው።»

እውነቱን ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። የቄስ ልጅ አሳሳተች እንዳልባል አፈርኩ። ዝም አልኩ። ከመንጋጋዬ መግል ይልቅ የከፋው ይህ ዝምታ ነው።

ያን ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይም ማታም የውብዳር ኪኒኑን መዋጥ አቃታት። አንገቷ አብጦ ከአገጯ ጋር አንድ ሆነ። ሲነጋጋ፣ የጧቱ ኪኒን እንደታደለን፣ ትንፋሿ እንደ መጋዝ ይሰማ ጀመር፤ ከዚያ ተቋረጠ። ሐኪሟ ሮጣ መጣች። አየር እንዲገባላት ብላ ጉሮሮዋን ከፊት በስለት ከፈተችው። ደሙ የድንኳኑን ሸራ ረጨው። ቱቦ አስገቡ፣ ደረቷን ተጫኑ። አልተመለሰችም። ነፍስ ይማር።

ወንድሟ ፈንታ ከዘመዶቹ ጋር ስንቅ ይዞ የደረሰ ያን ጊዜ ነው። ድንኳኑን ገልጦ ገባ። እህቱ ጉሮሮዋ ተከፍቶ ተኝታለች። የሐኪሟ እጅ እስከ ክርኗ ደም ነው።

«አረዷት!» አለ። «እህቴን አረዷት!»

ያ ጩኸት ሜዳውን ሞላው። ወደ ገበያ የሚሄደው ሰው ዞሮ መጣ። ደም ይቀዳሉ የተባለው ወሬ ቀድሞ በሁሉም ልብ ነበር። ድንጋይ ይዘንብ ጀመር። የድንኳኑን ገመድ በማጭድ በጠሱት፤ ሸራው በሕመምተኞች ላይ ወደቀ። ጠርሙሱ ሁሉ ተሰባበረ። አንዱ የመርፌውን ሳጥን በእግሩ ደፈጠጠው። ሐኪሟ በጠረጴዛው ሥር ገባች። አቶ ደምሰው ጠረጴዛው ፊት እጁን ዘርግቶ ቆመ። ፈንታ የጨበጠውን ድንጋይ ወረወረበት። ግንባሩ ተከፈተ። ተንበረከከ፤ እጁን ግን አላጠፈም።

በላይና አያሌው እኔን ጎትተው ሊያወጡኝ መጡ። አያሌው «አልኩ እኮ! አላልኩም?» ይላል። እጁን አስለቀቅሁት። ልጄ አለች፤ እሄዳለሁ ብል ማንም አይነካኝ ነበር። ግን ከሄድኩ መድኃኒቱም አለቀ፣ አቶ ደምሰውም ሞተ፣ የውብዳርም በሐሰት ተቀበረች። ጮሄ መናገር አልችልም። ስለዚህ ወደ ሬሳዋ ሄድኩና የነጠላዋን ጫፍ ያዝኩ። በፈንታ ፊት ቋጠሮውን ፈታሁት። አራት ኪኒን ወጣ። የትናንቱ ሦስት፣ የዚያን ጧቱ አንድ።

«ይህ ምንድን ነው?» አለኝ በአገውኛ።

«መድኃኒቷ ነው። አልዋጠችውም። እኔም በሰዓቱ አልዋጥሁም።» የእኔን ቋጠሮ ፈታሁለት። «በጧት ዋጡ ብለውን ነበር። ጦም ነው፣ ቅዳሴ ይውጣ ያልኩ እኔ ነኝ። አላረዷትም። ትንፋሿ ሲቆም መተንፈሻ ሊከፍቱላት ነው። እህትህን የጎዳሁ እኔ ነኝ።»

ዱላውን አነሳ። አልሸሸሁም። ግራ ትከሻዬ ላይ አሳረፈው፤ አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁ፤ ከመንጋጋዬ ቁስል ደም ፈሰሰ። ደግሞ አነሳው። በላይ ሲንደረደር «ተወው!» አልኩት። ፈንታ ዱላውን እንዳነሳ የእህቱን ፊት አየ። ከዚያ ዱላው ከእጁ ወደቀ። መሬት ተቀምጦ እንደ ልጅ አለቀሰ። እሱ ሲቀመጥ ድንጋይ የያዘው ሁሉ የያዘውን አስቀመጠ።

ለአቶ ደምሰው በአማርኛ ነገርኩት። በደኅናው እጄ ግንባሩን በነጠላዬ ጫፍ ይዤለት ነበር። ዓይኑ የገባውን ደም ጠረገ።

«እኔም እኮ ጦመኛ ነኝ» አለ። «ትናንትም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀመስሁም። እኔ እየጦምሁ እናንተን እንዴት ሳልጠይቅ ቀረሁ?»

ለሐኪሟ ተረጎመላት። ከጠረጴዛው ሥር ወጥታ፣ ቋጠሮዎቹን አንድ በአንድ እንድንፈታ ለመነችን። ኪኒኑ በጠረጴዛው ላይ ተከመረ። አልተቆጣችም። ኪኒን የወሰድነውን ሁሉ ያ ያለፈው እንደማይቆጠር ነገረችን፤ መቀጠል እንፈልግ እንደሆነ እንደ አዲስ ጠየቀችን። ሁለት ሴቶች እንሄዳለን አሉ፤ የተረፈውን መርፌ ሰጥታ ሸኘቻቸው። እኔ ቀረሁ።

አባቴ ወሬውን ሰምተው በበቅሎ ገሥግሠው በማግሥቱ ደረሱ። እግራቸው ላይ ወደቅሁ። «ምን አደረግሁ አባቴ?» አልኳቸው።

«ለሕመምተኛ መድኃኒት መዋጥ ጦም መግደፍ አይደለም» አሉ፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብለው። «ይህን ለማወቅ አንድ ካህን መጠየቅ ነበር። ካህን ሳትጠይቂ የጦምሽው ለእግዚአብሔር ሳይሆን ለስምሽ ነው።» ከዚህ የበለጠ ዱላ አልቀመስሁም። ከዚያ አነሱኝ። ኪኒኑን በመስቀላቸው ባርከው፣ ወፍ ሲንጫጫ፣ ውኃውን በገዛ እጃቸው አጠጡኝ። እስክድን ድረስ በየቀኑ እንዲህ አደረጉ።

በአራተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቀኝ። በአሥረኛው ቀን አፌ ሁለት ጣት ተከፈተ። ለማርያም በዓል አጥሚት በማንኪያ ጠጣሁ። ወደ ቤት ስመለስ ልጄ ሙሉ መልኬን ረስታ ከአማቴ ጀርባ ተደበቀች። ወተቴ አልተመለሰም፤ የላም ወተት ለምዳለች። ጣቴን ስሰጣት አፏ ውስጥ ከታ ነከሰችኝ። ሁለት ጥርስ አብቅላለች። ደማኝ፤ ተመስገን አልኩ።

በየውብዳር ተዝካር ቀን ድንጋይ ተሸክሜ ወደ ቤታቸው ሄድኩ። ደጃፉ ላይ በፈንታ እግር ሥር ወደቅሁ። ብዙ አቆየኝ። ከዚያ ድንጋዩን ከአንገቴ ላይ አነሳና «ይበቃል» አለ። ዓመት ሙሉ በገበያ ሲያየኝ መንገድ ይለውጥ ነበር።

አዲሱ ኪኒን ከመርፌው ይሻላል ወይ የምትሉኝ፣ ገና አልታወቀም። ሐኪሞቹ ዘንድሮም እንደገና ሰው የሚፈልጉት ለዚህ ነው። እኔን አድኖኛል። ሌላውን ይገድላል ወይ ያድናል ልላችሁ አልችልም። አላውቅም። የምታውቁትን ግን ሳትደብቁ ንገሯቸው። የዋጣችሁትን፣ ያልዋጣችሁትን፣ ጸበሉን፣ ጦሙን። ካልተጠየቃችሁም ንገሯቸው።

ባለፈው ሳምንት ረቡዕ ፈንታ ደጄ መጣ። ግራ ጉንጩ አብጦ ዓይኑን ዘግቶታል። «ወደዚያ ቦታ ውሰጅኝ» አለኝ። ያኔ ስለመታኝ ትከሻ አላነሳም፤ እኔም አላነሳሁም። ነጠላዬን አጣፍቼ ተነሳሁ።

ዳንግላ ያው ሜዳ፣ ያው አግዳሚ ነው። አቶ ደምሰው አገውኛ ተምሯል፤ እየሰባበረም ቢሆን ይናገረዋል፤ ጥርስም ራሱ ይነቅላል። ግንባሩ ላይ እንደ ጨረቃ የጎበጠ ጠባሳ አለ። ፈንታ ሲገባ አወቀው። እኔ አየሁት፣ እጁ ብረቶቹ ላይ ቆመ። ከዚያ ወረቀቱን ሳበና ከስሙ በፊት፣ ከአገሩ በፊት፣ ዛሬ ሁሉንም መጀመሪያ የሚጠይቀውን ጠየቀው።

«ጦም ላይ ነህ?»

«ረቡዕ ነው፤ ጦም ነው» አለ ፈንታ። «ግን የንስሐ አባቴን ጠይቄ ነው የመጣሁ። ፈቅደውልኛል።»

አቶ ደምሰው ጻፈው። ፈንታ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። እጆቹን የሚይዘው አልነበረም፤ ራሱ በራሱ ጉልበቱን ጨበጠ። አቶ ደምሰው ጉጠቱን አንስቶ ቀረበው።

«ጌታው» አለ ፈንታ ወደ ግንባሩ እያየ። «ድንጋዩን የወረወርሁት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አለ አቶ ደምሰው። «አፍ!»

ፈንታ ዓይኑን ጨፍኖ አፉን ከፈተ።